ሲሐም የነካችው ቁስል

ከጅዳ በተመለስኩ በአራተኛው ወር የሆነ ነው። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ አገሬ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መተኛት ሆነ። ጠዋት እነሣና በመስኮት ሐይቁን አያለሁ፤ ጉሙ ውሃው ላይ እንደተጋደመ ነው፤ «እሱም አልተነሣም» እልና ተመልሼ እተኛለሁ። አባቴ «ይቺ ልጅ ዐረብ አገር የቀረባትን እንቅልፍ ሁሉ እዚህ ልትጨርሰው ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እውነቱን ነው። ነቅቼ እንኳ ግማሽ ጎኔ ሕልም ውስጥ ነበር፤ ሐይቅ ከተማ መሐል ሰው ሰላም ሲለኝ በዐረብኛ መልሼ የማፍርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር አንዳንዱ በጭጋግ ውስጥ የታየ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ያኔም የታየኝ እንደዚያው ነው።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከሰዓዳ ጋር ነበር። ቤቷ ሐይቁ ዳር፣ ከአባቴ የሽንኩርት ማሳ አጠገብ ነው። ባሏ ሪያድ ይሠራል። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሲሐም ትባላለች፤ ያኔ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሲሐም ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ በደም ካንሰር ስትታከም ቆይታ፣ ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንት አረፍ ትበል ብሎ ነው ወደ ሐይቅ የመጣችው። ፀጉሯ ረግፎ እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ ሊበቅል ጀማምሮ ነበር። ገና ከመኪና ሳትወርድ «እዚህ መርፌ የለም አይደል?» ብላ ጠየቀች። እናቷ «የለም የኔ ዓለም፣ ወላሂ የለም» አለቻት።

ሐኪሙ ሰዓዳን አንድ ነገር አጥብቆ አስጠንቅቋት ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት የልጅቷን ገላ በሽታ የሚመክትበትን አቅም አድክሞታልና፣ ለሌላ ልጅ ቀላል የሆነ ሕመም ለሷ ይከብዳል። በኛ አገር ደግሞ የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ሙዙን አንጠልጥሎ «ዚያራ መጣን» ይላል። ሰዓዳ ምን አደረገች? የግቢው በር ላይ አንድ ወንበር አስቀመጠች። ጠያቂ ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ዱዓውን አድርጎ፣ ልጅቷን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። «ሰዓዳ ሰው ጠላች» ተባለ። «ይበሉ፤ ልጄን አላህ ያትርፍልኝ እንጂ» አለች። ከዚያ ወንበር አልፎ የገባ ሰው አልነበረም። ከሲሐም ጋር አንድ አልጋ ላይ የምተኛው ግን እኔ ነበርኩ።

በመጣች በሦስተኛው ቀን ቀኝ ጎኔን ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ከደረቴ ሥር እስከ ጀርባዬ በመሥመር ተደርድረው ወጡ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም፤ አልማዝ ባለጭራ ነው። በኛ ዘንድ ስለሱ የማያውቅ የለም። ተኝተሽ ሳለ አንዲት ነፍሳት ገላሽ ላይ ትሄዳለች፣ የሄደችበት ይቆስላል፣ ቁስሉ ወገብ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከገጠመ ይገድላል እየተባለ ነው ያደግነው። እንደኔ ለተኛች ሴት ደግሞ አንድ ነፍሳት ቢሄድባት ምን ይገርማል?

ከውጫሌ ወረድ ብሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ እማማ ዘሀብ የሚባሉ ለዚህ የታወቁ መድኃኒተኛ አሉ። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ቅጠል ጨቅጭቀው ቀቡኝና «እስኪደርቅ ለማንም እንዳታሳዪ፤ ዓይን ካየው ይዞራል» አሉኝ። ትእዛዙ አልከበደኝም። ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ካሳላት እንኳ «ምን ይዛ መጣች?» ይባልባታል። ሰዓዳም እንዳታየው በሰፊ ቀሚስ ሸፍኜ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓዳ ደጅ ልብስ ታጥባለች። ቀሚሴን ልቀይር ሳወልቅ ሲሐም ነቅታ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጉም የነካው ነጭ ነበር፤ ልጅቷም ግድግዳውም እኔም ነጭ ሆነናል።

«ኸዱ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ዶቃ ነው» አልኳት። ምን ልበል?

«ገላሽ ላይ ነው የበቀለው?»

«አዎ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ልንካው?»

«ቀስ ብለሽ።»

በሌባ ጣቷ አንድ በአንድ ነካችው። አንዱ ፈረጠ። የረጠበ ጣቷን አየችና፣ ልጅ እንደሚያደርገው አፏ ውስጥ ከተተችው። «አይጣፍጥም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ጎኔ ሥር ገብታ ተኛች፤ እኔም አብሬያት ተኛሁ። ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚያን ጠዋት ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቀን አልነበረም። 

ቅዳሜ ሕመሙ ባሰብኝ። ማስታገሻ ልለምን ብዬ ጤና ጣቢያ ወደ ሲስተር ብርቱካን ሄድኩ። አብረን የተማርን ነን፤ ሐሜትም አታውቅም። ቀሚሴን ገልጣ አየችና ቅጠሉን በጥጥ መጥረግ ጀመረች።

«እማማ ዘሀብ ናቸው?»

«በምን ዐወቅሽ?»

«ቅጠላቸውን ለመድኩት» አለች እየሳቀች። ቀጥሎ እንደ ነገሩ «ቤት ውስጥ እርጉዝ ሴት፣ ወይም አቅሙ የደከመ ሕመምተኛ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሲሐም አለች።»

እጇ ቆመ። «ነክታዋለች?»

ቀሚሴን ወደ ታች ሳብኩ። «ኸዲጃ፣ ነክታዋለች ወይ?»

«ሐሙስ። በጣቷ። አንዱ ፈርጦ… አፏ ከተተችው።»

ብርቱካን ጥጡን አስቀምጣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ወጥቶብሻል?» አለችኝ። ወጥቶብኛል፤ ከሰዓዳ ጋር አንድ ሰሞን። ኩፍኝ አይደለም፣ ያ ውሃ እየቋጠረ ገላን ሁሉ የሚያሳክከው ነው፤ ከኛ መንደር ያላለፈበት ልጅ የለም።

«ያ ነው ይሄ» አለች ጎኔን እያሳየችኝ። «ነፍሳት የሚባለው ውሸት ነው። ጉድፍ ከዳነ በኋላ ከሰው ገላ አይወጣም፤ ነርቭ ሥር ገብቶ ይተኛል። አንድ ቀን አቅም ሲደክም ይነቃና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። አንቺን ጎንሽን ነው የሚያቃጥልሽ። ጉድፍ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ውሃውን ከነካ ግን ጉድፍ ይይዘዋል። ጤነኛ ልጅ ሳምንት አሳክኮት ይድናል። የሲሐም ገላ ግን መመከቻ የለውም። ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።»

የሰማሁት ከውሃ ውስጥ ሆኜ ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ ከዚሁ ከሐይቅ የያዝኩት ነገር ጀርባዬ ሥር ተኝቶ ባሕር ተሻግሯል፤ ጅዳ የሰው አልጋ ሳነጥፍ አብሮኝ ነበር፤ ተመልሶ መጥቶ፣ እኔ ስተኛ እሱ ነቃ። «ምን ይዛ መጣች» የሚለውን ሐሜት ፈርቼ የሸፈንኩት ነገር ለካ የዐረብ አገር አልነበረም።

«መድኃኒት አለው?» አልኳት።

«ሳይወጣባት ከተደረሰ የሚከላከል ነገር አለ። አሁን ግን ለእህትሽ ንገሪያት። ቤቱም አትግቢ።»

ባጃጁ ከግቢው በር ሲያወርደኝ ሰዓዳ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ሲሐም የአባቴን ባርኔጣ ደፍታ ከጎኗ ተቀምጣለች። እኔ የጠያቂው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ» አለች ሰዓዳ። ልጅቷን እዚያው ተዪያትና ነዪ አልኳት። መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዶቃውንም፣ ጣቷንም። መጀመሪያ ሳቀች።

«አልማዝ ባለጭራና ጉድፍ ምን ያገናኘዋል? ብርቱካን ቀልዳብሽ ነው።»

«አልቀለደችም።»

ፊቴን አየችው። ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። «ሰው ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ አስቁሜ፣ ጎረቤት አስቀይሜ… አንቺን አልጋዋ ላይ አስተኛሁ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከዐረብ አገር በሽታ ይዛ መጣች እንዳትይኝ ብዬ።»

«እኔ?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ተሰድቤያለሁ፣ በሁለት ቋንቋ፤ እንደዚያች «እኔ?» ያመመኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ራሷ መጣች፤ አባቴም ከማሳው ተጠራ። እነሱ በረንዳው ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ሆነን ለሲሐም ሐኪም ተደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተደረገ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀ። መቼ ነካችው፣ ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል፣ የመጨረሻ መድኃኒቷን መቼ ወሰደች። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ዛሬውኑ ቢቻል፣ ካልሆነ ነገ ይዛችኋት ኑ። መከላከያው የሚሰጣት ከነካች በአራት ቀን ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከዚያ በኋላም ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ግን በዘገየን ቁጥር እንከስራለን። ለጉድፍ ብቻ የተዘጋጀውን ማግኘት ይከብዳል። ለብዙ በሽታ የሚያገለግለውን አጠቃላዩን እፈልጋለሁ። እናንተ መንገድ ግቡ፣ እኔ ልፈልግ።»

ስልኩ ሲዘጋ አባቴ ብርቱካንን «ክትባት ነው?» አላት።

«አይደለም አባባ። ክትባት ገላን ያስተምረዋል፣ ትምህርት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የሲሐም ገላ አሁን ለመማር አቅም የለውም። ይሄኛው የተማረውን በውሰት መስጠት ነው። ጉድፍ የወጣላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የሚኖር መከላከያ አለ፤ ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። ከብዙ ሰው ደም ተጣርቶ በደም ሥሯ ይሰጣታል። ለጥቂት ሳምንት ይጠብቃታል።»

«ያ ጉድፍ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበር?»

«ተኝቶ።»

«እንደሷ?» አለ ወደኔ እየጠቆመ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ ብሎ አልነበረም። የእጅጌውን ቁልፍ ፈታና ክንዱን እስከ ላይ ገለጠው። «እኔም ወጥቶልኛል፣ እናቴ አመድ ላይ ስታስተኛኝ ትዝ ይለኛል። ከኔ ቅጅላት።» ብርቱካን እጅጌውን ቀስ ብላ መለሰችለት። እንዲህ በቀጥታ አይቀዳም፣ የስንትና ስንት ሰው ደም በማጣሪያ ያልፋል አለችው። አባቴ ቅር አለው።

ሰዓዳ ግን አልተነቃነቀችም። «ገና በመጣች በስምንተኛ ቀኗ?» አለች። «መርፌ የለም ብዬ ወላሂ ብያታለሁ። ላይወጣባትም ይችላል። ወላሂ ብዬ?»

አባቴ አጠገቧ ተቀመጠ። «አብሽሪ ልጄ። ለመሐላሽ አላህ ይቅር ይልሻል። ሰበብ ማድረስ የኛ ነው፣ ሺፋው፣ ማዳኑ፣ የሱ ነው። ተነሺ፣ ልብሷን ያዢ።»

ሌሊቱን ብርቱካን ቤት አደርኩ። እሁድ ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ መጥቼ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሲሐም በመኪናው መስኮት አየችኝ።

«ኸዱ! ለምን አትስሚኝም?»

«ጉንፋን ይዞኛል!» ብዬ ጮህኩ። እንደገና ዋሸሁ። ሰዓዳ ወደኔ አልዞረችም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነበር የታሰበው፤ አራት ሰዓት ላይ ግን በጉሙ ምክንያት በረራው ቀረ፣ በመኪና ቀጥለናል የሚል መልእክት ለአባቴ ደረሰው። ከዚያ በኋላ ስልካቸው አልሠራም። እሁድን እንዲያ ዋልን። በየሰዓቱ «አሁን ከሚሴ ደርሰዋል፣ አሁን ሸዋ ሮቢት፣ አሁን ጣርማበርን እየወጡ ነው» ይላል አባቴ። ያን መንገድ ከሄደበት ሃያ ዓመት ያልፈዋል።

ሰኞ ማሳው ዳር ተቀምጠን ውሃውን እናያለን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ቆሞ መረቡን ይስባል፤ ከርቀቱ የተነሣ ጭራሽ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። አራተኛው ቀን ነው። አባቴ መስበሐውን ይቆጥራል። እኔ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ ጣት ትመጣብኛለች፣ እከፍተዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጠላሁ።

«አባዬ፣ ብትሞትስ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «አትሞትም» ይለኝ ነበር። አባቴ ግን ያን ጊዜ እንኳ አልዋሸኝም። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰዓዳ ናት። አባቴ ጆሮው ላይ ለጥፎ «እ… እ… አልሐምዱሊላህ… እ…» ይላል። ሲጨርስ ነገረኝ። ማታ ደርሰዋል። ሐኪሙ የጉድፉን ብቻ የሆነውን አላገኘም፤ አጠቃላዩን ግን አንዱን ጠርሙስ ከአንድ ቦታ፣ ሌላውን ከሌላ ቦታ ለምኖ አግኝቷል። ከጠዋት ጀምሮ በደም ሥሯ ጠብ፣ ጠብ እያለ እየገባላት ነው። ሲወጓት አልቅሳለች፤ «ዋሽተሽኛል» ብላ እናቷን ሁለት ሰዓት አላናገረቻትም።

«ስለኔስ ምን አለች?» አልኩት።

«ማን? ሲሐም?»

«ሰዓዳ።»

«ምንም አላለች» አለ አባቴ፤ ዓይኑን ወደ ውሃው መልሶ።

መድኃኒቱ ገባ ማለት አለቀ ማለት አልነበረም። ጉድፉ ከመጣ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል ተባለ። ለሌሎች ሕመምተኛ ልጆች እንዳትተርፍ ከሆስፒታል ውጭ፣ ዘመድ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ቆዩ። የኔ ቁስል ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። ዞሮ አልገጠመም፤ ብርቱካን እንዳለችው መጀመሪያውኑ ሊዞር አይችልም ነበር። ሰዓዳ በየቀኑ ለአባቴ ትደውላለች፣ ለኔ አትደውልም።

በሃያኛው ቀን የኔ ስልክ ጮኸ። «ወጣባት» አለች። ሰላምታ የለም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ «ሰባት ነው» አለች። «ሆዷ ላይ አራት፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት። ቆጠርኩት። ሐኪሙም አየው። ሳንባዋ ንጹሕ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት አስጀመራት። ያ የሰዎቹ ደም ባይገባላት ኖሮ ቁጥሩ ይህ አይሆንም ነበር አለኝ። ሰባት ብቻ ነው፣ ኸዱ።» ኸዱ ስትለኝ አለቀስኩ። እሷም ማልቀሷን በትንፋሿ ዐወቅኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምክር የምሰጥ ብመስል የማያምርብኝ ሴት ነኝ። ግን ጎናችሁን ቢያቃጥላችሁና ያ መሥመር ቢወጣ፣ ነፍሳቱን ተዉትና ቤታችሁ ውስጥ ማን እንዳለ አስቡ። ሸፍኑት፣ ግን አትደብቁት፤ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ እኔ በሲሐም ላይ ነው የተማርኩት። እማማ ዘሀብንም ሄጄ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ረዥም ጊዜ እጃቸውን ሲያዩ ቆዩና «ስንቱ ቤት ሕፃን ነበረ ይሆን?» አሉ። አሁን ቅጠሉን ከመቀባታቸው በፊት ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

ሌላም የተለወጠ አለ። ደሴ እየሄድኩ ደም እሰጣለሁ። የኔ ደም ያ መድኃኒት እንደማይሆን ብርቱካን ነግራኛለች፤ ለወላድና ለቆሰለ ነው የሚውለው። ይዋል። ክንዴን ዘርግቼ ስተኛ ግን ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች አስባለሁ። አንድ ቦታ፣ በየትኛው አገር እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ እነሱም እንዲህ ክንዳቸውን ዘርግተው ተጋድመው ነበር። ልጅ ሆነው አሳክኳቸዋል፣ አልቅሰዋል፣ ድነዋል። ያ የልጅነት ሕመማቸው ሐይቅ ለተወለደች፣ አይተዋት ለማያውቋት ልጅ ተረፋት። የኔ ደግሞ ሊያጠፋት ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም መጠነኛ ድንጋጤ ይይዘኛል፤ ምስጋናም ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን የተመለሱበት ቀን ነው። መናኸሪያው ዳር ከመኪና ሲወርዱ እኔ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ ነበር። ለመቅረብ አልደፈርኩም፤ ቁስሌ ከዳነ ወር ቢሆነውም ርቆ መቆም ለምዶብኛል። ሰዓዳ ሻንጣውን በአንድ እጇ፣ ልጅቷን በሌላው ታቅፋ ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች። ፊቴ መጥታ ቆመች። ከስታለች።

«ምን ገተረሽ?» አለችኝ። «ክንዴ ዝሏል፤ ያዣት እንጂ።»

ተቀበልኳት። ሲሐም እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ ክብደቷ ጨምሯል።